በእርሻው ስም ዘርን መፈለግ፦ የኦርክኒ ደሴቶች ገበሬዎች የትውልድ ሐረግ እንዴት ይጠናል?

ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተ ሰሜን፣ የአትላንቲክ ውቅያኖስና የሰሜን ባሕር በሚገናኙበት ስፍራ፣ ኦርክኒ በሚል ስም የሚጠሩ ወደ 70 የሚጠጉ ደሴቶች አሉ፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን 20 ያህሉ ብቻ ናቸው። ዛፍ እምብዛም የማይታይባቸው፣ ነፋስ የማይለያቸው ዝቅተኛ ደሴቶች ቢሆኑም አፈራቸው ለም ስለሆነ ነዋሪዎቻቸው ከጥንት ጀምሮ ገብስና አጃ እየዘሩ፣ ከብትና በግ እያረቡ ኖረዋል። «የኦርክኒ ሰው ጀልባ ያለው ገበሬ ነው፤ የሼትላንድ ሰው ማሳ ያለው ዓሣ አጥማጅ ነው» የሚለው የአካባቢው አባባል የሁለቱን ጎረቤት ደሴቶች ልዩነት በአጭሩ ያስቀምጠዋል። ከዌስትሬይ፣ ከሳንዴይ፣ ከስትሮንሴይ ወይም ከኖርዝ ሮናልድሴይ የወጡ ገበሬዎች ዘሮች ዛሬ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ጭምር ይኖራሉ፤ የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ታሪክ ለማወቅ ሲነሡም አብዛኞቹ የሚጀምሩት የቤተሰባቸውን ስም በመዛግብት ውስጥ በመፈለግ ነው። በእነዚህ ደሴቶች ግን ስምን ብቻ የተከተለ ሰው ሳያውቀው የሌላ ቤተሰብ ሐረግ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስም ሲለዋወጥና ሲደጋገም፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይለወጥ የቆየው የእርሻው ስም ነው፤ ስለዚህ የኦርክኒ ገበሬ ቤተሰብ ሐረግ በመጀመሪያ መሬት ላይ፣ ቀጥሎ ሰው ላይ ይቆጠራል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኖርዌይ አገዛዝ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ደሴቶቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በኖርዌይ ነገሥታት ሥር ሆነው በየራሳቸው መሳፍንት ይተዳደሩ ነበር። በ1468 የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ክርስቲያን 1ኛ ልጁን ማርግሬትን ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለጄምስ 3ኛ ሲድር፣ ከልጁ ጋር ሊሰጥ የተዋዋለውን ገንዘብ መክፈል ስላልቻለ ኦርክኒን በመያዣነት ሰጠ፤ በተከታዩ ዓመት ሼትላንድም ተጨመረች። ገንዘቡ ሳይከፈል ቀረ፤ በ1472ም ደሴቶቹ ወደ ስኮትላንድ ዘውድ ተጠቃለሉ። አገዛዙ በዚህ መንገድ ቢለወጥም ቋንቋው፣ ሕጉና የስም አወጣጡ ወዲያው አልተለወጠም። ኖርን የሚባለው የደሴቶቹ የኖርዌይ ዘር ቋንቋ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ተጨማሪ ሦስት መቶ ዓመታት ያህል ወስዷል።

በኖርዌያውያን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ሲሆን፣ ይህም ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ የሚሻ ነገር አይደለም። በሼትላንድ ይህ ልማድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ስለዘለቀ፣ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በሦስት የተለያዩ «የቤተሰብ ስሞች» ተመዝግበው ይገኛሉ። በኦርክኒ ግን ቀደም ብሎ ሌላ ልማድ ሰፍኖ ነበር። ሰዎች የሚኖሩበትን እርሻ ወይም መንደር ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙ ጀመር። ሊንክሌተር፣ ኢዝቢስተር፣ ሬንዳል፣ ማርዊክ፣ ክላውስተንና ኮሪጋል የሚባሉት የዛሬ የኦርክኒ ቤተሰብ ስሞች ሁሉ መነሻቸው የቦታ ስም ነው። ስሞቹ እስኪጸኑ ድረስ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው የአዲሱን እርሻ ስም ሊይዝ ይችል ስለነበር፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች በተለያየ የቤተሰብ ስም ሊቀጥሉ ይችላሉ። የዚህ ተቃራኒም እንዲሁ የተለመደ ነው። ለምሳሌ ኢዝቢስተር የሚባል ቦታ በኦርክኒ ውስጥ በሬንዳልም በበርሴይም አጥቢያ ይገኛል፤ በሼትላንድም አለ። ስለዚህ ኢዝቢስተር የሚለውን ስም የሚጋሩ ቤተሰቦች ምንም የሥጋ ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል። በዚህ ስም ስለተገናኙ ብቻ «ዘመድ ተገኘ» ብሎ ሐረግ መቀጠል፣ በእኔ ግምት፣ በኦርክኒ የዘር ጥናት ውስጥ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ እየተገነባ ይሄዳልና።

መሬቱ የሚተላለፍበት ሕግም የራሱ ታሪክ አለው። ኡዳል በሚባለው የኖርዌያውያን ሕግ ገበሬው መሬቱን የሚይዘው ከንጉሥ ወይም ከጌታ በተሰጠ ደብዳቤ ሳይሆን ከአባቶቹ በመውረሱ ነበር። ባለመሬቱ ሲሞት መሬቱ ለልጆቹ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ወንዶቹ ሙሉ ድርሻ፣ ሴቶቹ ደግሞ የወንድሞቻቸውን ግማሽ ያገኛሉ። መሬቱን ለመሸጥ የፈለገ ሰውም በቅድሚያ ለዘመዶቹ ማቅረብ ነበረበት። የሰሜን ኢትዮጵያን የቀድሞ የርስት ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ፣ በአባትም በእናትም በኩል የሚቆጠር የመሬት መብት ዘር ቆጠራን ምን ያህል አስፈላጊ እንደሚያደርገው ለመረዳት አይቸገርም። ችግሩ ግን ሌላ ነው፤ ደብዳቤ የማያስፈልገው መብት በጽሑፍ አሻራ ሳይተው ያልፋል። የዚያን ዘመን ቤተሰቦች በብዛት የምናገኛቸው በግብር መዝገብ ውስጥ ነው። የመስፍኑ ወራሽ ሄንሪ ሲንክለር በ1492 ያዘጋጀው የኦርክኒ የግብር መዝገብ መሬቱን በየደሴቱና በየእርሻው ከፋፍሎ ያስቀምጣል። የእያንዳንዱ እርሻ ግብር የሚሰላው «ፔኒላንድ» በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ 18 ፔኒላንድ አንድ «ዩሪስላንድ» ይሆናል። መዝጋቢው ማወቅ የፈለገው መሬቱ ምን ያህል እንደሚከፍል እንጂ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አልነበረም። በዚህ የተነሣ ሰውየውን አጥተን እርሻውን እናገኘዋለን፤ ያው እርሻ በዚያው ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መዝገብ ላይ እንደገና ብቅ ይላል።

የኡዳል ገበሬዎች ውድቀት የመጣው በስቱዋርት መሳፍንት ዘመን ነው። የንጉሥ ጄምስ 5ኛ ዲቃላ የነበረው ሮበርት ስቱዋርት፣ ከእርሱም በኋላ ልጁ ፓትሪክ፣ በተለያየ ሰበብ የብዙ ቤተሰቦችን መሬት ወደ ራሳቸው አዞሩ። የኖርዌያውያን ሕግ በ1611 በስኮትላንድ የመማክርት ጉባኤ ተሻረ፤ ፓትሪክም በ1615 ኤዲንብራ ላይ በሞት ተቀጣ፤ የተወሰደው መሬት ግን በአብዛኛው ከስኮትላንድ በመጡ ባለርስቶች እጅ ቀረ። ለዘር ተመራማሪው የዚህ ውጤት ግልጽ ነው። ባለመሬት ሆነው የዘለቁት ጥቂት ቤተሰቦች ከ1617 ጀምሮ በስኮትላንድ የመሬት ዝውውር መዝገብ ውስጥ ከነዘር ማንዘራቸው ይገኛሉ። ጭሰኛ የሆኑት ብዙኃኑ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም፤ ስማቸው የሚገኘው በባለርስቱ የኪራይ ደብተር ላይ ነው። ከእነዚህ ደብተሮች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ሰፊ መሬት የነበረው የባልፎር ቤተሰብ ሰነዶች፣ ዛሬ በኪርክዎል ከተማ በሚገኘው የኦርክኒ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል።

እርሻን ተከትሎ መሄድ ምን እንደሚመስል በተግባር እንየው። በኪራይ ደብተሩ ላይ አንድ እርሻ ለ30 ዓመታት በአንድ ሰው ስም ቆይቶ፣ ለጥቂት ዓመታት ወደ መበለቲቱ ዞሮ፣ ከዚያ ፈጽሞ ሌላ የቤተሰብ ስም ባለው ሰው ቢያዝ፣ አንባቢው የመጀመሪያው ቤተሰብ ተነቅሎ ሄደ ብሎ ሊደመድም ይችላል። የጋብቻ መዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይናገራል፤ አዲሱ ስም የአማቹ ነው። ወንድ ልጅ ያልነበረው ወይም ልጆቹ በባሕር ማዶ የቀሩበት ገበሬ እርሻውን ለልጁና ለባሏ ይተውላቸዋል። ስሙ ቢለወጥም ደሙ እዚያው ቤት ነው። እዚህ ላይ የስኮትላንድ መዝጋቢዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል፤ ያገባች ሴት በሕጋዊ ሰነዶችና በመቃብር ድንጋዮች ላይ ሳይቀር ከአባቷ ቤት ባመጣችው ስም መጠራቷን ትቀጥላለች። በእንግሊዝ መዛግብት ውስጥ ካገባች በኋላ የምትጠፋው ሴት በኦርክኒ አትጠፋም፤ በእርሷም በኩል የእርሻውን ቀጣይነት ማረጋገጥ ይቻላል።

የመጠሪያ ስም አሰጣጡ ደግሞ ረዳትም ጠላትም ነው። በስኮትላንድ በሰፊው በሚታወቀው ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በራሱ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ከሴቶች ልጆች የመጀመሪያይቱ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛይቱ በአባቷ እናት፣ ሦስተኛይቱ በእናቷ ስም ትጠራለች። ሁሉም ቤተሰብ ልማዱን በጥብቅ ስላልተከተለ እንደ ማስረጃ ሊወሰድ አይገባም፤ ፍለጋው ወዴት መቀጠል እንዳለበት የሚጠቁም ምልክት ግን ነው። ጠላትነቱ የሚታየው በትንሽ ደሴት ላይ ነው። ጄምስ ሬንዳል የሚባል አንድ ገበሬ አምስት ወንዶች ልጆች ነበሩት እንበል። አምስቱም አግብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን በአባታቸው ስም ቢጠሩ፣ በ20 ዓመታት ውስጥ በአንድ አጥቢያ አምስት ጄምስ ሬንዳሎች ተወልደው ያድጋሉ፤ ሁሉም የአጎትማማች ልጆች፣ በዕድሜ ተቀራራቢ፣ በሥራ ገበሬዎች። ማን የማን እንደሆነ የሚለየው የእናትየዋ የቤተሰብ ስምና የሚኖሩበት እርሻ ብቻ ነው። የደሴቶቹ ነዋሪዎችም እርስ በርስ የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ሰው በቤተሰብ ስሙ ሳይሆን በእርሻው ስም ይጠራል። ስለዚህ የክርስትና መዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ የተጻፈችውን የእርሻ ስም ሳይገለብጥ የሚያልፍ ተመራማሪ ዋናውን ማስረጃ ጥሎ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ወደ መዛግብቱ ስንመጣ ዋናው የድንበር ዓመት 1855 ነው። ከዚያ ዓመት ጥር 1 ቀን ጀምሮ መንግሥት በስኮትላንድ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በግዴታ መመዝገብ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ እጅግ ዝርዝር ነበር፤ የልደት መዝገቡ የወላጆችን ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበትን ጊዜና ስፍራ፣ ሌሎች ልጆች እንዳሏቸው ሳይቀር ይጠይቃል። መዝጋቢዎቹ ሥራው ከበዳቸውና በ1856 ቅጹ አጠረ። በ1855 የተወለደ ወይም የሞተ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ዕድለኛ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የሞት መዝገቡም በየዓመቱ የሟቹን የአባቱን ስምና የእናቱን የቤተሰብ ስም ስለሚይዝ፣ በ1860 በ80 ዓመቱ የሞተ ሰው ሰነድ አንባቢውን በአንድ ገጽ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሻግረዋል፤ መረጃውን የሰጠው ልጁ ወይም ጎረቤቱ በትክክል አስታውሶ ከሆነ ነው እንጂ።

ከ1855 በፊት ያለው በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መዛግብት ላይ የተመሠረተ ነው፤ እነዚህም ጎዶሏቸው ብዙ ነው። ክርስትናና ጋብቻ ይመዘገባሉ፤ ቀብር ግን በደሴቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። ከ1783 እስከ 1794 ድረስ በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የ3 ፔንስ ግብር ተጥሎ ስለነበር ድሆች ልጆቻቸውን ሳያስመዘግቡ አልፈዋል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ብዙ የኦርክኒ ገበሬዎች ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ወደ ተገነጠሉ ጉባኤያት ሄደዋል፤ በ1843 የተፈጠረው ትልቁ መከፋፈልም ተጨማሪ ምእመናንን ወስዷል። የእነዚህ ሰዎች ልጆች በአጥቢያው መዝገብ ላይ አለመገኘታቸው አልተወለዱም ማለት አይደለም፤ መዝገባቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ወይም ጠፍቷል። የጋብቻ መዝገብ አለመገኘትም እንዲሁ መታየት አለበት። በስኮትላንድ ሕግ ወንድና ሴት በምስክሮች ፊት ባልና ሚስት መሆናቸውን ቢናገሩ፣ ቄስ ባይኖርም ጋብቻው ይጸና ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ጋብቻ የቀረው በ1940 ነው።

ከሁሉም መዛግብት ሕይወት የሚሞላበት የአጥቢያው የሽማግሌዎች ሸንጎ ቃለ ጉባኤ ነው። ሸንጎው በሰንበት ዓሣ ያጠመደውን፣ ጎረቤቱን የሰደበውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የፀነሰችውን እየጠራ ይመረምር ነበር። ልጂቱ የልጁን አባት እንድትናገር ትጠየቃለች፤ የተጠራው ሰው ይክዳል ወይም ያምናል፤ ምስክሮች ይሰማሉ፤ ጥፋተኛ የተባሉት በምእመናን ፊት ቀርበው ይገሠጻሉ፤ መቀጮው ለአጥቢያው ድሆች ይውላል። ለተመረመሩት ሰዎች መራራ ውርደት የነበረው ይህ ሥርዓት፣ በክርስትናው መዝገብ ላይ ባዶ ሆኖ የቀረውን የአባት ስም የምናገኝበት ብቸኛ መንገድ ይሆናል። ሰዎቹ የሚጠሩትም ከእርሻቸው ስም ጋር ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ በእናቱ ወላጆች ቤት ያድጋል፤ በሕዝብ ቆጠራ ላይ የአያቶቹ ልጅ ተብሎ ሊጻፍም ይችላል። ወላጆቹ ኋላ ከተጋቡ ግን የስኮትላንድ ሕግ፣ ከእንግሊዝ ሕግ በተለየ፣ ልጁን እንደ ሕጋዊ ልጅ ይቆጥረው ነበር።

የሕዝብ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ የቤተሰቡን ሁኔታ ያሳያል። ስም በዝርዝር የተመዘገበበት የመጀመሪያው የ1841 ቆጠራ የአዋቂዎችን ዕድሜ ወደ ታች እየቀነሰ በ5 ዓመት ያጠጋጋል፤ የቤተሰቡ አባላት እንዴት እንደሚዛመዱም አይገልጽም። ከ1851 ጀምሮ ዝምድናውም የትውልድ አጥቢያውም ተጽፏል። በእርሻ ቤት ውስጥ የተመዘገቡ ሎሌዎችና ገረዶች መታለፍ የለባቸውም፤ ለግማሽ ዓመት ወይም ለዓመት ተቀጥረው ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዞሩት እነዚህ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸውም የወደፊቱ አማች ወይም ምራት ይገኛል።

እርሻን እንደ መሪ መያዝም የማይሠራበት ዘመን አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን የባሕር አረም ሰብስበው እንዲያቃጥሉ አሰማሩ፤ አመዱ ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ይሸጥ ነበር። ሥራው በኦርክኒ የተጀመረው በ1722 በስትሮንሴይ ሲሆን፣ ብዙ እጅ ስለሚፈልግ በባሕሩ ዳር ትንንሽ ማሳዎች እንዲበዙ አደረገ። ገበያው ከ1830 በኋላ ሲወድቅ ባለርስቶቹ ፊታቸውን ወደ ከብት አዞሩ። የተበጣጠሰው የጋራ ማሳ ተጠቃሎ በቀጥተኛ አጥር ተከፋፈለ፤ አንዳንድ ቤቶች ፈረሱ፤ ስማቸውም ከካርታ ጠፋ። በራውዚ ደሴት ክዋንዴል በሚባለው ስፍራ የነበሩት ቤተሰቦች በ1840ዎቹ ተነቅለው መሬቱ የበግ መሰማሪያ ሆነ። በዚያው ደሴት በ1883 ስለ ገበሬዎች ሁኔታ ለመረመረው የመንግሥት ኮሚሽን የመሰከሩ ጭሰኞች በባለርስቱ በጄኔራል ባሮውዝ ከመሬታቸው ተባረዋል። በ1886 የወጣው ሕግ ለትንንሽ ገበሬዎች ከመሬታቸው ያለመነቀልና ለቤተሰባቸው የማውረስ መብት ሰጠ፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላም ብዙ ጭሰኞች እርሻቸውን ገዝተው ባለቤት ሆኑ። ከ1886 ወዲህ አንድ ቤተሰብ በአንድ እርሻ ላይ ሦስትና አራት ትውልድ መቆየቱ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሰዎቹ እኛ ከምንገምተው በላይ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ከደሴቶቹ የወጡትን በተመለከተ የሐድሰን ቤይ ኩባንያ መዛግብት ልዩ ሥፍራ አላቸው። የጸጉራም እንስሳት ቆዳ ንግድ ያካሂድ የነበረው ይህ ኩባንያ መርከቦቹ ወደ ካናዳ ከመሻገራቸው በፊት በስትሮምነስ ወደብ ይቆሙ ስለነበር ሠራተኞችን ከኦርክኒ ይቀጥር ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በሰሜን አሜሪካ ከነበሩት ሠራተኞቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የኦርክኒ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ከአገሬው ሴቶች ልጆች ወልደዋል፤ ዘራቸውም ዛሬ በማኒቶባና በአካባቢዋ ይገኛል። የኩባንያው መዛግብት በካናዳ ዊኒፔግ የሚገኙ ሲሆን፣ የሠራተኛውን የትውልድ አጥቢያ ስለሚጠቅሱ ሁለቱን የባሕር ዳርቻዎች ያገናኛሉ።

ይህ ሁሉ ድካም የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ በቅርቡ በዌስትሬይ ታይቷል። በትንሽ ደሴት ላይ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ቤተሰቦች ውለው አድረው እርስ በርስ ይጋባሉ። ማንኛውም ሰው 10 ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጥር 1,024 የአያት ቦታዎች ያገኛል፤ በዌስትሬይ ግን አንድ ሰው ከእነዚህ ቦታዎች ሦስቱን ወይም አራቱን ሊይዝ ይችላል። በ2023 የአበርዲንና የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እንዳሳወቁት፣ የኦርክኒ አያቶች ካሏቸው 100 ሰዎች አንዱ ያህል፣ ለጡትና ለእንቁላል እጢ ካንሰር በከፍተኛ ደረጃ የሚያጋልጥ፣ ቢአርሲኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ የሚገኝ አንድ የተወሰነ ለውጥ ይዟል። የተሸካሚዎቹ ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር አብዛኞቹ ወደ ዌስትሬይ ቤተሰቦች ደረሱ። ግኝቱ ሊገኝ የቻለው በአንድ በኩል በደም ምርመራ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በተጠናቀሩት የዘር ሐረጎች ነው።

ይህ የዘረመል ለውጥ በወንድም በሴትም በኩል ስለሚወረስ የቤተሰብ ስም ማን እንደያዘው አይጠቁምም፤ የዌስትሬይን ስም የያዘ ሰው ነፃ ሊሆን፣ ከደሴቱ ጋር የሚያያዝ ምንም ስም የሌላት የኤዲንብራ ነዋሪ ደግሞ በእናቷ እናት በኩል ልትይዘው ትችላለች። በዚህ የተነሣ የስኮትላንድ የጤና አገልግሎት ምርመራውን ሲያቀርብ መስፈርት ያደረገው የትውልድ ቦታን ነው፤ በስኮትላንድ የሚኖር፣ ከአራቱ አያቶቹ አንዱ በዌስትሬይ የተወለደለት ሰው መመርመር ይችላል። የአያቱን የትውልድ ቦታ የማያውቅ ሰው የአያቱን የልደት መዝገብ አውጥቶ ማየት ይችላል፤ መዝገቡም ሕፃኑ የተወለደው በየትኛው አጥቢያና በየትኛው እርሻ ቤት እንደሆነ ጽፎ ይዟል።